ጥጥ ያልበቀለበት የጥጥ ገንዘብ

(ዳላስ ውስጥ በአንድ እሁድ ከሰዓት ወገኖች በተሰበሰቡበት ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። በአፌ ያልኩትን ብዙም አልነካካሁትም።)

እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ «ስለፈለግከው ነገር ተናገር» ሲሉኝ ስለ ትራክ ሥራ የማወራ መስሏቸው ነበር። አይደለም። ዛሬ የማወራው ስለ ጥጥ ነው። ቡናው እስኪደርስ ታገሱኝ።

ነገሩ የጀመረው ግን ከትራክ ነው። ጥቂት ዓመት ሆነው። ዲስፓቸሬ፣ ጭነት የሚመድብልኝ ሰው፣ ደወለና ከግሪንዉድ፣ ሚሲሲፒ ጥጥ አንሳ፣ ሳቫና ወደብ አድርስ አለኝ። እኔ ጥጥ የማውቀው እናቴ እንዝርት ስታሾር ነው። ባዘቶ፣ ልቃቂት፣ ድርና ማግ፣ ይኸው ነው። እዚያ መጋዘን ውስጥ ያየሁት ጥጥ ግን እንደ ድንጋይ ተጠቅጥቆ በሽቦ የታሰረ ነው። አንዱን ቤል ይሉታል። 480 ፓውንድ ይመዝናል፣ ከሁለት ኩንታል በላይ ማለት ነው። ተጎታቹ ውስጥ 88 ገባ። 19 ቶን የሚሆን ጥጥ ከኋላዬ ጭኜ ስነዳ፣ ይህን ሁሉ የተከለው ማነው እያልኩ ነበር።

ሌላ ጊዜ ወደዚያው አካባቢ ባዶ ስመለስ ጊዜ ነበረኝ። ከግሪንዉድ በ82 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ነዳሁ፣ ኢንዲያኖላ ላይ ወደ ሰሜን ታጠፍኩና በ49 ዌስት ገባሁ። አገሩ ሚሲሲፒ ዴልታ ይባላል። ሜዳ ነው፣ ዓይን እስኪደክም ሜዳ። ካውንቲው ሰንፍላወር ነው። ስሙን ብንተረጉመው የሱፍ አበባ ማለት ነው፣ ታሪኩ ግን ሌላ ሳይሆን ጥጥ ነው። ካውንቲ ስላችሁ እንደኛ ወረዳ ቁጠሩት። በ2020 ቆጠራ 26 ሺህ ገደማ ሰው ነው ያለው፣ ከአስሩ ሰባቱ ጥቁር ነው፣ ድህነቱ ደግሞ ከአሜሪካ ከባድ ከሚባሉት ውስጥ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ይቅርታ።)

አንድ ነዳጅ ማደያ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ቡና ይዘው ውጭ ተቀምጠዋል። ጥቁር ሰው ናቸው፣ ሰማንያ የሚጠጋቸው ይመስለኛል። ሰላምታ ተለዋወጥንና ከመንገዱ ማዶ ያለውን አረንጓዴ ማሳ እያሳየሁ «ይህ ጥጥ ነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «አኩሪ አተር ነው» አሉኝ። «ዋሽንግተን ግን ጥጥ ነው ብላ ነው የምትከፍለው።» ልጅ ሆነው እዚያው ማሳ ላይ ጥጥ ይለቅሙ እንደነበርም ነገሩኝ። የቀለዱብኝ መሰለኝ። ቤት ስገባ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ማንበቡን አልተውኩም። ሚስቴ ምስክር ናት። ሽማግሌው አልቀለዱም።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። የአሜሪካ መንግሥት ለጥጥ ገበሬ ድጎማ ይከፍላል። ሲባል የምንሰማው ይህን ነው፣ ትክክልም ነው፣ ግን «ለጥጥ» የሚለው ቃል ላይ ነው ጉዱ። ገንዘቡ የሚሰላው ዘንድሮ በተከልከው ጥጥ አይደለም። ቤዝ ኤከር የሚባል ነገር አለ። (ኤከር የመሬት ስፋት መለኪያ ነው፣ ግማሽ ሄክታር አይሞላም።) መሬቱ በድሮ ዓመታት ምን ያህል ጥጥ እንደተተከለበት በመዝገብ ተይዟል፣ ያ መዝገብ ከመሬቱ ጋር ይኖራል። መሬቱ ቢሸጥ መዝገቡም አብሮ ይሄዳል። ዘንድሮ በቆሎ ትከልበት፣ አኩሪ አተር ትከልበት፣ ግድ የለም። የዱሮው ጥጥ ጥላው እዚያው መሬት ላይ ወድቆ ቀርቷል፣ መንግሥት የሚከፍለው ለጥላው ነው።

ሂሳቡን ልቁጠርላችሁ። በ2018 መጀመሪያ ኮንግረስ ፍሬው ያልወጣለትን ጥጥ፣ ማለት ገና መዳመጫ ያልገባውን፣ በ36.7 ሳንቲም ፓውንዱን ተመነው። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ከዚያ ከወረደ ልዩነቱን መንግሥት ይሞላል። አንድ ሰው 1,000 ኤከር የጥጥ ቤዝ አለው እንበል፣ በመዝገቡ ላይ የኤከሩ ምርት 2,400 ፓውንድ ነው፣ የዘንድሮ ዋጋ ደግሞ 32 ሳንቲም ሆነ። ልዩነቱ 4.7 ሳንቲም ነው። የሚከፈለው ለመሬቱ 85 በመቶ ስለሆነ 850 ኤከር ያዙ። ሲባዛ 95,880 ዶላር ይመጣል። ይህ እኔ የፈጠርኩት ምሳሌ ነው፣ የማንም መሬት አይደለም፣ አሠራሩ ግን ይኸው ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ «ስንት ፍሬ ዘራህ» የሚል ጥያቄ የለም። ጥጡን በርግጥ ለዘራ ሰው ሌሎች ነገሮች አሉለት፣ ጥጡን አስይዞ የሚበደረው ብድር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የኢንሹራንሱንም ዓረቦን ከግማሽ በላይ የሚከፍለው መንግሥት ነው። እነሱን እንለፋቸው።

እና ገንዘቡን ማን ይወስዳል? እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሆድ ይኸው ነው።

ሕጉ «አርሶ አደሩ ይውሰድ» ነው የሚለው። ዴልታ ውስጥ ግን የሚያርሰውና የመሬቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ባለቤቱ ሜምፊስ ወይም ጃክሰን ይኖራል፣ አያቱ ያወረሰው ነው፣ ማሳውን በዓመት ይህን ያህል ብሎ ያከራያል። ክፍያው በስሙ የሚወጣው ለተከራዩ ነው። ጥሩ። ነገር ግን ባለቤቱ ሞኝ አይደለም፣ መሬቱ ስንት የጥጥ ቤዝ እንዳለው ያውቃል፣ ቤዝ ያለውን መሬት ቤዝ ከሌለው አስወድዶ ነው የሚያከራየው። ቼኩ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እዚህ አፓርትመንት የተከራያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ደመወዝ ሲጨምር ኪራዩም መጨመሩን ይሰማል። ወጣት ሆኖ እርሻ ልጀምር የሚል ሰው ደግሞ መሬቱን ሲገዛ ወደፊት የሚመጣውንም ድጎማ አብሮ ነው የሚገዛው፣ ዋጋው ውስጥ ገብቷልና።

«ገደብ የለውም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አለው። አንድ ሰው በዓመት ከ125 ሺህ ዶላር በላይ አይወስድም ተባለ፣ በ2025 ወደ 155 ሺህ ከፍ ተደርጓል። ግን ገደቡ ለሰው ነው፣ ለእርሻ አይደለም። ስለዚህ ምን ይደረጋል? እርሻው በወረቀት ላይ ሽርክና ይሆናል። ባል አንድ፣ ሚስት ሁለት፣ ወንድም ሦስት፣ ሁሉም የየራሱ ገደብ አለው። በ2018 የወጣው የእርሻ ሕግ ደግሞ የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ሁሉ እንደ ቤተሰብ እንዲቆጠሩ ፈቀደ። ሁሉም የግድ ማረስ የለባቸውም፣ አመራር ሰጥተዋል ከተባለ ይበቃል። በነገራችን ላይ ይህ ዘዴ ድሮ ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር፣ «የሚሲሲፒ የገና ዛፍ» ይሉታል፣ ቅርንጫፉ ስለሚበዛ። እኛ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፣ እነሱ ጋ ድሩ ሲበተን ነው ገንዘብ የሚያዘው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ከመሬት ጋር የታሰረ ገንዘብ ዛሬ የመጣ አይደለም።

1933። ጥጥ በ1919 ፓውንዱ ወደ 35 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፣ በ1932 ወደ 6 ሳንቲም ወርዷል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መጡና መንግሥታቸው ሰማይ ምድሩ የማያምነው ነገር አደረገ፤ ገበሬው የተከለውን ጥጥ እንዲገለብጥ ከፈለው። በዚያ በጋ ከ10 ሚሊዮን ኤከር በላይ ያበበ ጥጥ ታረሰ፣ እንዲጠፋ። በቅሎዎቹ አስቸገሩ ይባላል። በቅሎ ከልጅነቷ ጀምሮ በመደዳው መካከል እንድትሄድ፣ ተክሉን እንዳትረግጥ ነው የተማረችው፣ አሁን ደግሞ ርገጪው ስትባል እምቢ አለች። ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ፣ በቅሎ ከሰው በላይ ታስባለች ይል ነበር።

ገንዘቡስ? የዚያን ጊዜ ዴልታን የሚያርሰው በአብዛኛው ጢሰኛ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። የእኩል አራሽ ነው፣ የባለመሬቱን ቤት ይኖራል፣ ከባለመሬቱ ሱቅ በዱቤ ይበላል፣ መከር ሲደርስ ጥጡ ይካፈላል፣ ዕዳው ይቀነሳል፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይተርፍም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ታሪክ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። የመንግሥት ውል የሚፈረመው ደግሞ ከባለመሬቱ ጋር ነው። ክፍያው በባለመሬቱ በኩል ነበር የሚያልፈው፣ ጢሰኛው ድርሻ አለው ቢባልም ባለመሬቱ ለዱቤው ብሎ ያስቀረዋል። ይባስ ብሎ የሚታረሰው መሬት ሲቀንስ ጢሰኛው ራሱ አላስፈላጊ ሆነ። ተባረረ። በ1934 አርካንሳስ ውስጥ ታይሮንዛ በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቁርና ነጭ ጢሰኞች አንድ ላይ ማኅበር መሠረቱ፤ በዚያ ዘመን በዚያ አገር ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ መቀመጡ ብቻውን ያስገድል ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ለጢሰኞቹ የተከራከሩ የግብርና መሥሪያ ቤት ጠበቆች በ1935 ከሥራ ተባረሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1936 ሕጉን ሰረዘው፣ በሌላ ምክንያት ነው እንጂ ለጢሰኛ አዝኖ አይደለም። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ስም ተመለሰ።

ከዚያ ማሽን መጣ። በ1944 እዚያው ዴልታ ውስጥ፣ ክላርክስዴል አጠገብ ባለ አንድ እርሻ፣ ከመትከል እስከ መልቀም ሁሉ በማሽን የተሠራ ጥጥ ለሰው ታየ። ጢሰኛው የቀን ሠራተኛ ሆነ። ስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ጥጥ ሲኮተኩት ውሎ የሚያገኘው 3 ዶላር ገደማ ነበር። የሰዓት አይደለም፣ የቀን። በ1965 ሾው በምትባል፣ አንድ ጫፏ ሰንፍላወር ካውንቲ ውስጥ በሆነች ከተማ የጥጥ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፣ በሰዓት 1.25 ይከፈለን አሉ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጥቷል። አንዱ ስለሌላው የሰማ አይመስለኝም፣ ግን ሁለቱን ዜና ጎን ለጎን ሳየው ደነገጥኩ።

አሁን ሁለት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ። ሁለቱም የሰንፍላወር ሰዎች ናቸው። በ49 ዌስት ከኢንዲያኖላ ወደ ሰሜን ስትነዱ ዶድስቪል ትመጣለች፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ሩልቪል። በመካከላቸው አስር ማይል የማይሞላ መንገድ ነው።

ዶድስቪል የሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ እርሻ ነበር። ከ5 ሺህ ኤከር በላይ። ሴናተሩ ከ1956 እስከ 1978 የሴኔቱን የፍትሕ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት የያዙ፣ የሲቪል መብት ሕግ እንዳያልፍ ያላቸውን ሁሉ ያደረጉ፣ የእርሻ ኮሚቴውም አባል የነበሩ ሰው ናቸው። የድጎማው ሕግ የሚያልፈው እሳቸው በተቀመጡበት ጠረጴዛ ነው። በስድሳዎቹ መጨረሻ የቤተሰባቸው እርሻ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የመንግሥት ክፍያ ይወስድ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ጥጥ ላለመትከል የሚከፈልም አለበት። የያኔ 100 ሺህ መሆኑን አትርሱ።

ሩልቪል ደግሞ የፋኒ ሉ ሄመር ከተማ ናት። ለወላጆቿ ሃያኛ ልጅ ነች፣ ጥጥ መልቀም የጀመረችው በስድስት ዓመቷ ነው። ነሐሴ 1962 መጨረሻ ላይ ለምርጫ ልትመዘገብ ኢንዲያኖላ ፍርድ ቤት ሄደች። ያን ዕለት ማታ 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች። ባለ እርሻው ወይ ስምሽን ሰርዢ ወይ ውጪ አላት፣ ወጣች። ዝነኛ የሆነችው በ1964 በዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ ባደረገችው ንግግር ነው፣ እኔ ግን የምወድላት በ1969 የጀመረችውን ነገር ነው። 40 ኤከር መሬት ይዛ የጋራ እርሻ መሠረተች። አትክልት ለመብላት፣ ጥጥ የመሬቱን ዕዳ ለመክፈል። የአሳማ ባንክም ነበራት፤ ለአንድ ቤተሰብ እርጉዝ አሳማ ትሰጣለች፣ ከሚወለዱት ጥቂቱ ይመለስና ለሌላው ይሰጣል። እርሻው በኋላ ከ600 ኤከር በላይ ደርሶ ነበር። ዕዳና ጎርፍ፣ ድርቅም፣ የሷም ሕመም ተደራረበ፣ መሬቱ ሄደ። በ1977 ሞተች። መቃብሯ ሩልቪል ነው፣ አይቼዋለሁ። መታከት ታከተኝ የምትለው ንግግሯ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል።

በነዚያው ዓመታት ሌላ ነገር ሆነ። መንግሥት ለደሃው በነፃ ያድለው የነበረውን ዱቄትና ሩዝ ብዙ የሚሲሲፒ ካውንቲዎች ወደ ፉድ ስታምፕ፣ ወደ ምግብ መግዣ ኩፖን፣ ቀየሩት። ጥሩ ይመስላል። ግን የያኔው ፉድ ስታምፕ የሚገዛ ነበር፤ ቢያንስ በወር በሰው 2 ዶላር መክፈል ነበረብህ። ማሽን ሥራውን የወሰደበት፣ አንድ ሳንቲም የማይገባበት ቤተሰብ 2 ዶላር ከየት ያመጣል? በ1967 ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ዴልታ ሄደው ሆዳቸው የተነፋ ሕፃናት አይተዋል። የሚበላ ለሌለው 2 ዶላር አምጣ ይባላል፣ መሬቱን ጦም ላሳደረው ባለመሬት ቼክ ይላካል። አንድ ካውንቲ ውስጥ፣ ከአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ያው መሥሪያ ቤት ነው፣ ዛሬም።

ጩኸቱ በዛና በ1970 ኮንግረስ ለአንድ ሰው ለአንድ ሰብል ከ55 ሺህ በላይ አይከፈልም አለ። የገና ዛፉ ታሪክ ይከተላል፣ ነግሬአችኋለሁ። ጥቁር ገበሬዎች ደግሞ ብድርና ድጋፍ ስንጠይቅ በዘራችን ምክንያት ተከለከልን ብለው መንግሥትን ከሰው በ1999 እርቅ ተደረሰ፣ ብዙዎቹ 50 ሺህ ዶላር ተከፈላቸው፣ በጠቅላላው ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣ። ለብዙዎቹ መሬቱ ቀድሞ ሄዷል። ቤዙም አብሮት።

አሁን ባሕር እንሻገር፣ ጥጡ ይሻገራልና። አሜሪካ የምታመርተውን ጥጥ አብዛኛውን ወደ ውጭ ነው የምትሸጠው። በ2001 መጸው የኒውዮርክ ዋጋ ፓውንዱ ከ30 ሳንቲም በታች ወረደ። በዚህ ዋጋ ማንም አይተክልም። አሜሪካ ግን በዚያው ዓመት ከ20 ሚሊዮን ቤል በላይ አመረተች፣ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ። ለምን ቢባል ገበሬው የሚያየው የገበያውን ዋጋ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2002 በወጣው ሕግ ደግሞ የታለመው ዋጋ 72.4 ሳንቲም ሆነ፣ በመካከል ያለውን ክፍተት ግምጃ ቤቱ ይሞላል። ወደ 25 ሺህ ለሚሆኑ የጥጥ እርሻዎች በአንድ ዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ።

ማሊ ያለ ገበሬ፣ ቡርኪና ፋሶ ያለ ገበሬ ክፍተቱን የሚሞላለት የለም። በሁለት ሄክታር ማሳው ላይ በእጁ ለቅሞ በዚያው በወረደው ዋጋ ይሸጣል። ድጎማው የዓለምን ዋጋ በስንት ዝቅ አደረገው በሚለው ላይ ምሁራኑ አይስማሙም፣ ዝቅ አላደረገም የሚል ግን እምብዛም ነው። በ2003 ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ አንድ ሆነው ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት አሉ። የማሊና የቡርኪና ፕሬዚዳንቶች የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ጻፉ፣ ድጎማችሁ አነቀን ብለው። በዚያው መስከረም ካንኩን፣ ሜክሲኮ ላይ የድርጅቱ ስብሰባ ሲፈርስ ጥጥም ሳይፈታ ቀረ።

ብራዚል ግን አቤቱታ ሳይሆን ክስ ነው ይዛ የሄደችው። አሸነፈች። በ2005 ይግባኙም ጸናላት። አሜሪካ አንዱን ፕሮግራም አነሣች፣ ሌላውን ተወችው፣ ብራዚል የአሜሪካ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንድትጥል ተፈቀደላት። ከዚያ በ2010 ምን ሆነ መሰላችሁ? አሜሪካ በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ለብራዚል የጥጥ ገበሬዎች ልክፈል ብላ ተስማማች፣ በ2014 ደግሞ 300 ሚሊዮን ከፍላ ጉዳዩን ዘጋች። አያችሁት? የራሷን ገበሬ መክፈሏን ላለማቆም የሌላ አገር ገበሬም ከፈለች። አራቱ የአፍሪካ አገሮች ጠበቃ የሚያቆሙበትም፣ አጸፋ የሚመልሱበትም አቅም አልነበራቸውም፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቼክ አልደረሳቸውም።

ገበሬውንም በሚዛን ልየው፣ አለበለዚያ ኃጢአት ነው። ጥጥ መትከል ቁማር ነው። እዚሁ ቴክሳስ፣ ከኛ አምስት ሰዓት መንገድ ላይ ላበክ አካባቢ፣ በ2011ም በ2022ም ድርቁ ጊዜ ከተተከለው ጥጥ ከግማሽ በላይ ሳይለቀም ተትቷል። አዲስ የጥጥ መልቀሚያ ማሽን አንድ ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ማዳበሪያው፣ ዘሩ፣ ናፍጣው ይወጣል፣ የጥጥ ዋጋ ግን አያቶቻቸው ይሸጡበት ከነበረው ብዙም አይርቅም። አንዳንዱ ያለ ድጎማው ባንክ እንኳ አያናግረውም። ገበሬው ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። እያልኩ ያለሁት ገንዘቡ ኪሳራን ሳይሆን መሬትን ነው ተከትሎ የሚሄደው፣ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይወስዳል፣ መሬት የሌለው ምንም። ትንሽ የሚያርስ ሰውም ትንሽ ነው የሚያገኘው፣ ከዚያ ጎረቤቱ በትልቁ ቼክ መሬቱን ይገዛዋል።

ሐምሌ 2025 መጀመሪያ ላይ የተፈረመውን ሕግ ታውቁታላችሁ። ስለ ግብር፣ ስለ ድንበር ብዙ ተወርቶለታል። ውስጡ ግን የጥጥም አለበት፤ 36.7 የነበረው ሳንቲም 42 ሆነ፣ አዲስ ቤዝ ኤከርም እስከ 30 ሚሊዮን ድረስ ለሁሉም ሰብል እንዲጨመር ተፈቀደ። በዚያው ሕግ ከፉድ ስታምፕ በአስር ዓመት ከ180 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀነሰ። ጥገኝነት ያገኙ ወገኖቻችን ግሪን ካርድ እስኪይዙ እንዳይወስዱ የተደረገው በዚሁ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ባለፈው ደብዳቤው የደረሳችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ደብዳቤውና የጥጡ 42 ሳንቲም አንድ ወረቀት ላይ ነው የተፈረሙት።

ንግግሬን እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር፣ ጥያቄዎቹ ግን ስለበለጡ ሁለቱን ልጻፋቸው።

አንድ ወንድም «ታዲያ የኛ አገር መንግሥት ለጥጥ ገበሬ ይክፈል ነው የምትለው?» አለኝ። የኛን ታሪክ እንይ አልኩት። የአሜሪካ መንግሥት ዋጋ ሲወድቅ ገበሬውን ይይዘዋል። እኛ ዋጋ ሲወጣ ነው የያዝነው። በ2010 የዓለም የጥጥ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ፓውንዱ ከ2 ዶላር አልፎ ነበር፣ ኢትዮጵያ ጥሬ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎች እንዲተርፍ። ቆይቶ ተነሥቷል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ፋብሪካውም ሠራተኛ አለው። ነገር ግን መተማም ሆነ አዋሽ፣ ስንት ዓመት በርካሽ ሸጦ አንድ ጊዜ በለስ የቀናው ገበሬ ያን ጊዜ ለፋብሪካው ድጎማ የከፈለው እሱ ነው። ስለዚህ መልሴ ይክፈል ወይም አይክፈል አይደለም። ከተከፈለ ለሚዘራው ሰው ይሁን፣ በስሙ፣ በዘራው ልክ፣ ገደቡም እንዳይበተን ሆኖ። ሰንፍላወር ይህን አላደረገችም። ወንድሜ አልተዋጠለትም፣ «አገራችን መጀመሪያ መዝገብ ይኑራት» አለ። እውነቱን ነው።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ደግሞ እጃቸውን ሳያነሡ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እኚያ ነዳጅ ማደያ ያገኘሃቸው ሽማግሌ፣ ከዚያ ገንዘብ ስንት ይደርሳቸዋል?»

«ምንም አይደርሳቸውም፣ እማማ። መሬት የላቸውም።»

«ለቅመው አልነበር እንዴ?»

«ለቅመዋል» አልኳቸው።